አሥራ አንድ ደቂቃ

ገደፋው ዓለምብርሃን በዕድሜው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተው አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ዘመኑ 1980 ዓ.ም.፣ ቦታው የጎረቤት አገር ስታዲየም፣ ጨዋታው የወዳጅነት ነበር። ቡድኑ ሦስት ለባዶ እየተሸነፈ ሳለ አሠልጣኙ ከተጠባባቂዎች መካከል አስነስተው በቀኝ መስመር አስገቡት። እሱም ገብቶ ውጤቱ ሳይለወጥ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። ከዚያ ወዲያ አልተጠራም። በዓመቱ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ክለቡም አሰናበተው። ወደ ጎጃም ተመልሶ ሥልጠና ወሰደና ፍኖተ ሰላም ላይ የስፖርት መምህር ሆነ። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ጡረታ ወጣ።

ያቺን አሥራ አንድ ደቂቃ የማያውቅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ክፍል ሲረከብ፣ ተማሪዎቹን ከማስሮጡ በፊት ሣር ላይ አስቀምጦ ይነግራቸዋል። ኳሷን አራት ጊዜ ነክቷታል። አንዷን ወደ ኋላ ለተከላካይ መለሳት፣ አንዷን ተነጠቀ፣ አንዷን አሻማትና ለማዕዘን ምት ወጣች፣ አራተኛዋን አንድ ሰው አልፎ መታትና የጎሉን መረብ ከውጭ በኩል ነካች። ይኸው ነው። ተማሪዎቹ ከጀርባው "አሥራ አንዱ" ይሉት ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም።

ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት ኳስ የሚያሳዩት ቤት የፊተኛው ወንበር ለእሱ ይለቀቃል። ጨዋታው ሲያልቅና ቤቱ ሲቀዘቅዝ ወጣቶቹ "ጋሼ፣ እስቲ ይበሉ" ይሉታል። እሱም እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። "ሃምሳ አራት ላይ ዋንጫውን በአገራችን በላን። ኋላ ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፍተን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅን። በሁለት ሺህ አምስት ደቡብ አፍሪካ ሄድን፣ በአሥራ አራት ካሜሩን ሄድን፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ጨዋታ ሳናሸንፍ ተመለስን። አሁን ደግሞ ሜዳችሁ አይመጥንም ተብለን የገዛ ሜዳችንን ጨዋታ ሰው አገር ሄደን እንጫወታለን።" ከዚያም "ከዚህ ሁሉ ሽንፈት አንዲቷ የእኔ ናት" ይላል። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። ሌላ ሰው ቢሰማው ግራ ይገባዋል፤ ፍኖተ ሰላሞች ግን ለምደውታል።

ነገሩ የተበላሸው በ2017 ኅዳር ነው። የከተማው ወጣቶች ለአካባቢው የቀድሞ ስፖርተኞች የምስጋና ቀን ለማዘጋጀት ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ ይታገሱ የሚባል፣ ገደፋው ጡረታ ሲወጣ በእሱ ቦታ የተተካ ወጣት መምህር ነው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኩን በእጁ ይዞ ገደፋው ቤት መጣ። ግባ ሲሉት አልገባም፤ በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ።"

"ጠይቀኝ። ምን ያስቀይመኛል?"

"ኮሚቴው የሁሉም ስም ከመዝገብ ጋር ይመሳከር አለ። ኢንተርኔት ላይ የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታዎች የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስንተኛው ደቂቃ… ሁሉን ይጽፋሉ። የእርስዎን ጨዋታ አገኘሁት።"

የገደፋው ፊት በራ። "አገኘኸው? እስቲ ወዲህ በለው!"

ይታገሱ ስልኩን አልሰጠውም። "በሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ ተቀይሮ የገባ ተጫዋች አለ። ስሙ ግን… ስመኘው ወልደ ሥላሴ ነው የሚለው።"

ገደፋው መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ። ስልኩን ተቀብሎ አርቆ ያዘው፣ ደግሞ አቀረበው። ደቂቃው ልክ ነው። ውጤቱ ልክ ነው። ስሙ የስመኘው ነው። የእሱ ስም ከላይ እስከ ታች፣ ከተጠባባቂዎቹም መካከል እንኳ የለም።

"ማሊያው ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

ገደፋው አስረዳው። እሱና የቡሬው ስመኘው ከጎጃም ምርጥ ቡድን አብረው ተመልምለው አዲስ አበባ የገቡ፣ ያን ጉዞም አብረው የሄዱ ጓደኛሞች ነበሩ። በጨዋታው ቀን ስመኘው ወባ ተነሥቶበት ሆቴል ቀረ። ገደፋው ዘግይቶ የተጨመረ ስለነበር የራሱ ማሊያ አልነበረውም፤ አሠልጣኙ ግባ ሲሉት የዕቃ ኃላፊው ያለ ሰው የተቀመጠውን የስመኘውን አሥራ አራት ቁጥር አለበሰው። ዳኛው የጻፈው ቁጥሩን ነው። አሥራ አራት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ስመኘው ነው። አሠልጣኙም "አገር ስንገባ እናስተካክለዋለን" ብለው ነበር። አገር ሲገቡ ግን ስለ ሦስቱ ጎል እንጂ ስለ ማሊያ የጠየቀ አልነበረም።

ይታገሱ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማው። "እኔ አምንዎታለሁ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ግን ጋሼ ስመኘው በሕይወት አሉ። ወፍጮ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ‘የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች’ ተብሎ ፎቷቸው ተሰቅሏል። ኮሚቴውም እሳቸውን መርጧል። ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው…"

"ስመኘው እውነቱን ጽፎ ቢፈርምልኝስ?"

"እሳቸው ከፈረሙማ አለቀ። ለመዝገቡ ሰዎችም እኔው እልክላቸዋለሁ፤ ያርሙታል።"

ገደፋው ስመኘውን ካየው ወደ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ጠብ የለም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ በየገበያው ይገናኙ ነበር፣ ኋላ በየለቅሶው፣ ኋላ ጭራሽ ተተወ። ፎቶ መሰቀሉ ግን ከነከነው። እሱ እንደሆን ፎቶም የለው፣ ወረቀትም የለው። ያለው የሚናገረው ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሄዶ አንድ ገጽ ምስክርነት አስተየበ። ከታች ለፊርማ ቦታ አስተረፈ። ሚስቱ ባንቺአየሁ ኮቱን ሲለብስ አይታ፣ "ስንት ዓመት ያልጠየቅኸውን ሰው ዛሬ ለፊርማ ብለህ ልትሄድበት?" አለችው።

"ስሜን ነው የወሰደው።"

"እሱ ወሰደው ወይስ እንዲሁ ሰጡት?"

ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከቶ ወጣ።

ሚኒባሱ መንገድ ላይ እስካለችው ማንኩሳ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሰዉ ወርዶ ተፈተሸ። የደረት ኪሱን ሲነኩበት ወረቀቱን አውጥቶ አሳየ፤ ፈታሹ ከላይ ከላይ አንብቦ፣ "ኳስ ተጫዋች ነበሩ እንዴ አባባ?" አለው። "ነበርሁ" አለ ገደፋው። ቡሬ ሲገባ በየግቢው በርበሬ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ መንገዱ ሁሉ ያስነጥሳል።

ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት ብዙ አልጠየቀም። መብራት ስለጠፋ ወፍጮው ቆሞ ነበር። እንደተባለው ፎቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስመኘው በሃያ አንድ ዓመቱ፣ እጁን አጣምሮ፣ አሥራ አራት ቁጥር ለብሶ። ያችው ማሊያ። ገደፋው ፎቶው ሥር ቆመ። ሊለው ያሰበውን ሁሉ ሚኒባስ ውስጥ ደርድሮት ነበር፤ ፎቶውን ሲያይ ሌላ የባሰ ነገር ጨመረበት።

የስመኘው ልጅ ሲሳይነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከጓሮ ወጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ የደከመ ሴት ናት። ስሙን ሲነግራት ትንሽ ደንገጥ ያለች መሰለው።

"አያ ገደፋው! የፍኖተ ሰላሙ? እርስዎ ነዎት? ግቡ፣ ግቡ እንጂ። አባቴ ያውቁዎት እንደሆን ግን እንጃ።"

"እንዴት አያውቀኝም?"

"ሦስት ዓመት ሆናቸው አያ። ሰው አይለዩም። እናቴን ከረሷት ቆዩ፤ ‘ያቺ ሴት የት ሄደች’ ይላሉ፣ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። እኔንም አንዳንድ ቀን ‘የማን ልጅ ነሽ’ ይሉኛል።"

ስመኘው ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተውለት ተቀምጧል። ከስቷል። ጋቢ ለብሶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በርበሬውን ያያል። ገደፋው አጎንብሶ ሳመው።

"ስመኘው፣ እንዴት ሰነበትህ? ገደፋው ነኝ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ስመኘው በትሕትና፣ ለማያውቁት እንግዳ እንደሚመለስ። "ግቡ፣ ተቀመጡ። ከየት ነው የመጡ?"

"ከፍኖተ ሰላም።"

"ይገርማል። እዚያ አንድ ጓደኛ ነበረኝ።" ስሙን ለማስታወስ ሞክሮ ተወው። ከዚያ ዐይኑ ድንገት ነቃ፤ ጎንበስ ብሎ የገደፋውን ጉልበት ነካ አደረገ። "ኳስ ይወዳሉ?"

ሲሳይነሽ በቆመችበት ሆና በዐይኗ ይቅርታ ጠየቀች። "በየቀኑ ነው አያ። የቀረቻቸው ይቺ ብቻ ናት።"

ስመኘውም መናገር ጀመረ። "ዝናብ ነበር። ሜዳው ጨቅይቶ ጫማ ይይዛል። ሦስት ለባዶ ተመርተናል። ‘ተነሥ’ አሉኝ፤ ተነሣሁ። ሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ ፈራሁና ወደ ኋላ መለስኋት…"

ስመኘው የሚናገረው አንድም ሳያጎድል የገደፋውን አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሁለተኛዋን መነጠቁን፣ ሦስተኛዋን ማሻማቱን፣ ሁሉንም። ገደፋው ቁጣው ሲነሣ ተሰማው። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

"አራተኛዋን" አለ ስመኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንዱን አለፍሁት። ቀና ስል በረኛው ወጥቷል። መታኋት። መረቡን ከውጭ ነካች። ይቺን ለሰው አልነግርም፤ ለእርስዎ ልንገርዎ። ከጎሉ ጀርባ አንዲት ያገራችን ሴት ነበረች። ነጠላ ለብሳ። እዚያ አገር የምትኖር ትሆናለች። ‘አይዞህ የእናቴ ልጅ!’ አለችኝ። ሦስት ለባዶ እየተሸነፍን! ማንም አላያትም። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። ዳኛው ሲነፋ ያለቀስሁት ለሽንፈቱ የመሰላቸው አሉ። ለእሷ ነው።"

ገደፋው እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ስለዚያች ሴት ለተማሪዎቹም፣ ለባንቺአየሁም ነግሮ አያውቅም፤ ባነሣት ቁጥር እንባው ስለሚቀድመው። የነገራት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከጨዋታው በኋላ ሆቴል ተመልሶ፣ ጭቃው እግሩ ላይ እንዳለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በትኩሳት ለሚንቀጠቀጠው ስመኘው። ስመኘው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ "እስቲ ድገመው፣ ከመጀመሪያው ድገመው" ይለው ነበር። ሦስት ጊዜ አስደግሞታል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይጥል ይዞት ኖሯል።

"እርስዎስ" አለ ስመኘው፣ "ያኔ ከእኛ ጋር ነበሩ?"

"ነበርሁ።"

"ታዲያ ምነው ሜዳው ውስጥ አላየሁዎ?"

ገደፋው ጓሮውን አየ፣ በርበሬውን አየ። ሲሳይነሽ ውሃ የያዘ ኩባያ ይዛ ቆማለች። ወረቀቱ ጣቱ ሥር ነበር። ይህ ሰው አሁን እውነቱን ቢነግሩት ምን ይቀረዋል?

"ታምሜ ነበር" አለ። "ወባ ይዞኝ ሆቴል ተኝቼ ነበር።"

"ወይኔ ወንድሜ!" ስመኘው እጁን በሁለት እጁ ያዘው። ከልቡ አዘነለት፣ ዐይኑ እርጥብ ሆነ። "አዬ፣ ሳታየው ቀረህ! ግድ የለህም። እኔ እነግርሃለሁ። ዝናብ ነበር…"

ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ገደፋው እስከ መጨረሻው ሰማው።

ሲሳይነሽ እስከ መንገድ ሸኘችው። "ለምን ነበር የመጡ አያ ገደፋው?" አለችው ሊሰነባበቱ ሲሉ።

"ልጠይቀው ብዬ ነው" አላት።

ቤቱ ሲደርስ ባንቺአየሁ ገና ሳይቀመጥ፣ "ፈረመልህ?" አለችው።

"አልጠየቅሁትም። ታሟል።"

"እጁን ነው የታመመው?"

የሆነውን ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ግን ለመንገር ስለዚያች ሴት መንገር ሊኖርበት ነው፤ እሷን አሁን ከስመኘው አፍ ወስዶ ወደ ራሱ መመለስ አቃተው። ባንቺአየሁ ዝምታውን በሌላ ተረጎመችው። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ስታወራ ቤቴ ውስጥ ሰምቻለሁ። በአንድ ቀን ትተኸው መጣህ? እንግዲህ የሚተው ነገር ነበር ማለት ነው" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ለይታገሱ ደወለ። "የስመኘው ስም እንዳለ ይሁን" አለው።

"እርስዎስ ጋሼ? በምን እንጥራዎት?"

"መምህር ነበር በሉ።"

ይታገሱ ወዲያው አልመለሰም። ገደፋው በዚያ ዝምታ ውስጥ ወጣቱ እሱን ማመን ሲያቆም ሰማው። "እሺ ጋሼ" አለ በመጨረሻ፣ በጣም በአክብሮት።

የምስጋናው ቀን ታኅሣሥ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መንገዱ ተዘጋ፤ ከቡሬ መኪና አይወጣም፣ ወደ ቡሬም አይገባም። ሲሳይነሽ በዋዜማው ደውላ፣ "አባቴም ቢሆኑ መምጣት አይችሉ፣ እኔም መንገድ የለኝ። እባክዎን አያ ገደፋው፣ እርስዎ ይቀበሉላቸው። አብሯቸው የነበረ ሰው ከእርስዎ ሌላ የለም" አለችው። እሺ አላት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ባንቺአየሁም ከጎረቤቶቿ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ይታገሱ ማይክራፎኑን ይዞ አነበበ። "ስመኘው ወልደ ሥላሴ። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አንድ ጨዋታ። በሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ ተቀይረው ገብተው አሥራ አንድ ደቂቃ ተጫውተዋል። በሕመም ምክንያት ስላልተገኙ ሽልማታቸውን መምህር ገደፋው ዓለምብርሃን ይቀበሉላቸዋል።"

ያ "አሥራ አንድ ደቂቃ" የሚለው ቃል ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር አለፈ። ሰው ሁሉ እርስ በእርሱ ተያየ። ገደፋው በአንድ እጁ ጉልበቱን ደገፍ አድርጎ ደረጃውን ወጣ። አንድ ሽማግሌ ጋቢ ደረቡለት፣ ምስክር ወረቀቱን ሰጡት፤ ወረቀቱ ላይ የስመኘው ስም በትልቁ ተጽፏል። ጭብጨባ ነበረ። ሲወርድ በሦስተኛው ረድፍ ከተቀመጡት ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዱ ለጎረቤቱ፣ "ለካ የሰው ታሪክ ነው ሲነግረን የኖረው" ሲል ሰማው። የሚያፌዝ ድምፅ አልነበረም፤ ያዘነ ድምፅ ነው። ባንቺአየሁን በዐይኑ ፈለጋት። ወንበሯ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በከተማው የሰደበው የለም፤ የጠየቀውም የለም። ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት የፊተኛው ወንበር አሁንም ይለቀቅለታል። ጨዋታው አልቆ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ግን "ጋሼ፣ እስቲ ይበሉ" የሚል ጠፋ። ሂሳባቸውን ከፍለው እየተሰናበቱት ይወጣሉ። ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ሲሆን እዚያ ቤት መሄድ ተወ።

መንገዱ የተከፈተው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በእነዚያ ቀናት የቡሬ ስልክም አልሠራም። ገደፋው ጋቢውንና ምስክር ወረቀቱን በፌስታል ይዞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ድንኳን አየ፤ ከድንኳኑ ሥር ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። መጠየቅ አላስፈለገውም። ስመኘው ከሞተ ሰባተኛ ቀኑ ነበር።

ሲሳይነሽ ጥቁር ለብሳ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም አለቀሱ። ሰው ቀለል ሲል፣ ፊቱን ሳታይ መናገር ጀመረች።

"አያ ገደፋው፣ አንድ ኃጢአት አለብኝ። አባቴ ጤነኛ ሳሉ ነግረውኛል። ‘ማሊያዬን የለበሰው የፍኖተ ሰላሙ ገደፋው ነው፤ እኔ ተኝቼ ነበር’ ብለውኛል። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። የሠፈሩ ልጆች ያንን መዝገብ አግኝተው ሲመጡባቸው ‘እኔ አይደለሁም’ አሏቸው። ትሕትና መሰላቸው። ባሉ ቁጥር የበለጠ አከበሯቸው። ፎቶውን አሳድገው አምጥተው ሰቀሉት። ኋላ ሰለቻቸውና ዝም አሉ። ከዚያ ሕመሙ መጣና እውነት መሰላቸው።"

ገደፋው ወደ እሷ ዞረ። "ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አባቴ ይሰሙ ነበር። ልሸኝዎ ስወጣ ልነግርዎ ነበር፤ ግን እርስዎ ራስዎ ‘ታምሜ ነበር’ ሲሉ ሰምቼ… ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?"

"እኔማ ለእሱ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው ያፈርሁ።"

ፌስታሉን ሰጣት። ከፍታ ጋቢውን ስታይ መልሳ ዘረጋችለት፤ "ይህስ የእርስዎ ነው" አለች። እሱም በስሜ አልተሰጠኝም ብሎ አልተቀበለም። ሲገፋፉት ቆይተው በመጨረሻ ለስመኘው ንስሐ አባት ለአባ ኪዳነ ማርያም ሰጧቸው። እሳቸውም ምንነቱን ሳይጠይቁ መርቀው ለበሱት።

ሲሳይነሽ ግን ቃሏን በጽሑፍ ሰጠች። አባቷ የነገሯትን ሁሉ በራሷ እጅ ጽፋ፣ በሁለት ምስክር ፊት ፈረመች። ይታገሱ ወረቀቱን ሲያነብ አፈረ፤ "ጋሼ፣ እኔ እኮ…" ብሎ መጨረስ አቃተው። ያንኑ ቀን ፎቶ አንሥቶ፣ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ፣ መዝገቡን ለሚያዘጋጁት ሰዎች ላከው። ገደፋውም መጠበቅ ጀመረ። በየሁለት ቀኑ "መጣ?" ይላል፤ "ገና ነው ጋሼ" ይባላል። ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ።

መልሱ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ይታገሱ ገደፋው ቤት ድረስ መጥቶ እየተረጎመ አነበበለት። ስለ ደብዳቤው እናመሰግናለን ይላል። የተጫዋች ስም ለመለወጥ የዕለቱ የጨዋታ ወረቀት ወይም በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ተጫዋች የራሱ ቃል ያስፈልጋል፤ የቤተሰብ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ስለ አቶ ስመኘው ዕረፍት ላሳወቃችሁን ምስጋናችን የላቀ ነው፤ መዝገቡን አስተካክለናል።

"ምኑን ነው ያስተካከሉት?" አለ ገደፋው።

ይታገሱ ስልኩን አሳየው። ከስመኘው ስም አጠገብ የሞተበትን ዓመት ጨምረዋል።

ወጣቱ ከሄደ በኋላ ገደፋው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ባንቺአየሁ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የሲሳይነሽን ወረቀት ካነበበች ወዲህ ከእሱ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋ ለስልሷል፤ ስለ አዳራሹ ቀን ግን ሁለቱም አንሥተው አያውቁም። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አንድ ዘመን አብረው ኖረው እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

"እስቲ ንገረኝ" አለችው። "እንዴት ነበር?"

ገደፋው ጉሮሮውን ጠረገ። "ዝናብ ነበር" አለ። "ሜዳው ጨቅይቶ…"

አቆመ። ባንቺአየሁ ጠበቀችው። ፊቱ ጠቁሮ አንድ ነገር ሲፈልግ አየች። ዝናቡ በእውነት ዘንቦ እንደሆነ፣ ወይስ ያን ቀን ጓሮው ውስጥ ከስመኘው አፍ የሰማው እንደሆነ ለመለየት እየሞከረ ነበር። ጭቃ እግሩ ላይ እንደነበረ ያውቃል። ሰማዩን ለማየት ሞከረ፤ ሰማዩ አልመጣለትም። የመጣለት የስመኘው እጅ ብቻ ነው፣ እጁን በሁለት እጁ ይዞ።

"ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ" አላት።

"እሺ" አለችው። ተነሥታ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ማንሣት ጀመረች፤ ከላህ ወንዝ በኩል ነፋስ ተነሥቶ ነበር።